መሸፈን ሌላ፣ መላጥ ሌላ



ውድ እህቶቼ! ዒድ ሲቃረብና የሰርግ ወቅት ሲገባ በየሴቶች ግሩፑ ሁለት ጥያቄዎች ይደጋገማሉ። አንደኛው «ፊቴ ላይ ያለውን ምልክት የሚሸፍን ጥሩ ኮንሲለር የትኛው ነው?» የሚል ነው። ሁለተኛው «ምልክቱን ነቅሎ የሚያጠፋ፣ ፊትንም የሚያቀላ ክሬም ማን ጋ አለ?» የሚል ነው። ጎን ለጎን ስለሚጠየቁ አንድ ጥያቄ ይመስላሉ። ግን በጣም ይለያያሉ። የመጀመሪያው ማታ ታጥቦ የሚወርድ ነገር ነው። ሁለተኛው ከቆዳ አልፎ ኩላሊት ድረስ ሊደርስ ይችላል።

አቋሜን ከመጀመሪያው ልናገር። ምልክትሽን መሸፈን ከፈለግሽ አውቀሽ ሸፍኚው። ማከም ከፈለግሽ ሐኪም ጋ ሄደሽ ታከሚው። በሁለቱ መሃል ቆሞ ስም የሌለው ብልቃጥ የሚሸጥልሽን ሰው ግን አትስሚው።

«ይህ የዱንያ ወሬ ነው፤ ለሙስሊም ሴት ምን ይጠቅማታል?» የሚል ወንድም ወይም እህት እንደሚኖር አውቃለሁ። መልሴ አጭር ነው። እኛ ስላላወራንበት ጥያቄው አልቀረም። ልጅቷ ከእናቷና ከኡስታዟ ያላገኘችውን መልስ ከቴሌግራም ሻጭ አገኘችው። ደግሞም ጉድለትን ማስተካከል በዲናችን እንግዳ ነገር አይደለም። ዐርፈጃ ቢን አስዐድ የተባለው ሶሓባ በጦርነት አፍንጫውን አጥቶ ነበር። በብር ያሠራው አፍንጫ ሽታ ሲያመጣበት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የወርቅ አፍንጫ እንዲያደርግ እንዳዘዙት በሐዲስ ተዘግቧል። ዑለማዎች ጉድለትን በማስተካከልና የአላህን አፈጣጠር በመቀየር መካከል ያለውን ልዩነት ሲያብራሩ ይህንን ይጠቅሳሉ። መዋብሽ ለማን መታየት አለበት የሚለው ደግሞ ራሱን የቻለ የፊቅህ ርዕስ ነው፤ ለእሱ የምታምኛቸውን ዓሊም ጠይቂ። እኔ የማወራው ቆዳሽ ላይ ስለሚቀባው ነገር ነው።

የኮንሲለር ታሪክ ራሱ ከዚህ ጋር ይገናኛል። በአሜሪካ ሊዲያ ኦሊሪ የተባለች ሴት ፊቷ ላይ ከልደቷ ጀምሮ ትልቅ ቀይ ምልክት ነበረባት። ምልክቱን የሚሸፍን ወፍራም ክሬም ራሷ ቀምማ ሠራች፤ ከዚያም ከቨርማርክ በሚል ስም ለገበያ አቀረበችው። ስለዚህ የዚህ ዕቃ አንዱ ሥር ቅንጦት አይደለም። ሰው ፊቷን ሳይሆን ምልክቷን እያየ የተቸገረች ሴት መላ ነው።

ኮንሲለር ምንድን ነው? ከፋውንዴሽን ይልቅ ብዙ ቀለም የተጨመረበት ክሬም ነው። ቀለሙ በአብዛኛው የሚገኘው አይረን ኦክሳይድና ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ከሚባሉ ማዕድናት ነው። ሥራው መሸፈን ብቻ ነው፤ ብጉር አያድንም፣ ማድያት አያጠፋም፣ ጠባሳ አይሞላም። ይህንን ካወቅሽ ከግማሽ በላይ ገንዘብሽን አተረፍሽ። አሁን እንደየችግሩ እንየው።

1. የዓይን ስር ጥቁረት

በረመዳን ተራዊሕ ቆሞ፣ ለሱሑር ነቅቶ፣ ጠዋት ሥራ ወይም ክላስ የሚገባ ሰው ይህንን በደንብ ያውቀዋል። ግን ሁልጊዜ ምክንያቱ እንቅልፍ አይደለም። በቤተሰብ ይወረሳል፤ አለርጂ ያለበት ሰው ዓይኑን ሲያሽ ይጠቁራል፤ የዓይን ስር ሲጎደጉድም ጥላ ይጥላል። ጥቁረቱ ከድካም፣ ከመገርጣትና ከትንፋሽ ማጠር ጋር ከመጣ ከኮንሲለር በፊት ደምሽን ተመርመሪ፤ የደም ማነስ ሊሆን ይችላል።

ለመሸፈን ብዙዎቻችን የምናደርገው ከቆዳችን የነጣ ኮንሲለር በቀጥታ ጥቁረቱ ላይ መለቅለቅ ነው። ነጭ ነገር ሰማያዊ የሚመስል ጥቁረት ላይ ሲያርፍ አመድ ይሆናል። ቀለም በተቃራኒው ቀለም ነው የሚጠፋው። ሰማያዊን የሚያጠፋው ብርቱካናማ ነው። ጠይም ወይም ጥቁር ቆዳ ካለሽ መጀመሪያ ብርቱካናማ ማስተካከያ በስሱ፣ ከዚያ በላዩ የቆዳሽን ቀለም የመሰለ ኮንሲለር አድርጊ። ቀላ ያለ ቆዳ ካለሽ የኮክ ፍሬ የመሰለው ፈዘዝ ያለ ብርቱካናማ ይበቃል። ፈሳሽና ቅባትነት ያለውን ምረጪ፤ የዓይን ስር ቆዳ ቀጭን ስለሆነ ደረቅና ወፍራሙ ይሰነጠቃል። እብጠትን ግን የሚሸፍን ኮንሲለር የለም። ያበጠው ላይ የነጣ ቀለም ስታደርጊበት እንዲያውም ጎልቶ ይወጣል።

2. ብጉርና የብጉር ጥቁር ምልክት

እነዚህ ሁለቱ አንድ አይደሉም። ብጉሩ ገና ቁስል ነው፤ ጥቁሩ ምልክት ቁስሉ ከዳነ በኋላ የሚቀር ቀለም ነው። በእኛ ዓይነት ቆዳ ላይ ይህ ቀለም ለወራት ይቆያል፤ በራሱ ጊዜ ግን እየደበዘዘ ይሄዳል። የሚያባብሱት ሁለት ነገሮች መነካካትና ፀሐይ ናቸው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው ያለችው፤ ደሴም ከፍታ ላይ ናት። ከፍ ባልሽ ቁጥር የፀሐይዋ ጨረር ይበረታል። አየሩ ስለቀዘቀዘ ፀሐዩ ደካማ ነው ብለሽ አትታለይ። የጥቁር ምልክት የመጀመሪያው ክሬም ሰንስክሪን ነው።

ብጉር ላይ ኮንሲለር ስትጠቀሚ ቀዳዳ የማይደፍን ተብሎ የተጻፈበትን ምረጪ፤ ቅባት የበዛበትን ተይው። በቀጭን ብሩሽ ብጉሩ ላይ ብቻ ነካ አድርጊ፤ ለጥቂት ሰከንዶች እንዲደርቅ ጠብቂ፤ ከዚያ ዳር ዳሩን ብቻ አዋህጂው። ቀለሙ ይጠፋል፣ እብጠቱ ግን አይጠፋም፤ ስለዚህ በላዩ ላይ አትደራርቢ። አረንጓዴ ማስተካከያ የሚሠራው ለቀላ ብጉር ነው። ጠይም ቆዳ ላይ ብጉሩ ከመቅላት ይልቅ ስለሚጠቁር ብዙ ጊዜ አያስፈልግሽም። ለጥቁሩ ምልክት ያው ብርቱካናማው ይሠራል። የተጎደጎደ ጠባሳ ከሆነ ግን ኮንሲለር አይሞላውም፤ ሲወፍር ጉድጓዱን ያሳያል።

አንድ ነገር ልጨምር። ብጉርሽ ግንባርሽ ላይ፣ ልክ ሂጃቡ በሚያርፍበት መስመር ከበዛ ከሂጃብ ስር የምታስሪውን ሻሽ ተመልከቺ። ላብና ቅባት የጠጣ ሻሽ በየቀኑ ያንኑ ቦታ ያሻል። ቶሎ ቶሎ እጠቢው፣ ጥጡን ምረጪ። ስፖንጅና ብሩሽም በየሳምንቱ ይታጠብ። ኮንሲለርን ከጓደኛ ጋር መዋዋስ ደግሞ የዓይን ሕመምና ጀርም መዋዋስ ነው። ዕቃው ጀርባ ላይ የተከፈተ ማሰሮ የሚመስል ምስል አለ፤ ውስጡ ያለው ቁጥር ከተከፈተ በኋላ ስንት ወር እንደሚያገለግል ይነግርሻል።

3. ማድያት

ማድያት ብዙ ጊዜ በእርግዝና ወይም በሆርሞን የወሊድ መቆጣጠሪያ ጊዜ ይወጣል፤ ፀሐይ ደግሞ ታባብሰዋለች። ጉንጭ፣ ግንባርና ከንፈር በላይ ላይ ይዘረጋል። እዚህ ላይ ጥሩ ዜና አለ። ማድያትን የሚያባብሰው የማይታየው ጨረር ብቻ አይደለም፤ የሚታየው ብርሃንም ነው። ኮንሲለርና ቀለም ያለው ሰንስክሪን ውስጥ ያለው አይረን ኦክሳይድ ይህን ብርሃን በከፊል ይከላከላል። ስለዚህ ሰንስክሪን መጀመሪያ፣ ኮንሲለር በላዩ ብታደርጊ ሽፋኑ ራሱ ትንሽ ጥበቃ ይሆንሻል። ማድያት ቶሎ ተመልሶ የሚመጣ ችግር ነው። «በሰባት ቀን ድራሹን አጠፋለሁ» ያለሽን ሰው የምትሸሺውም ለዚህ ነው።

4. ለምጽ

ለምጽ አይተላለፍም። በመጨባበጥ፣ አብሮ በመብላት፣ በአንድ መስገጃ በመስገድ አይጋባም። ይህንን ለማያውቅ ሁሉ ንገሪ። ለምጽን የሚሸፍኑ፣ ውኃ የሚቋቋሙና በፓውደር የሚያዙ ወፍራም ክሬሞች አሉ። በብሪታንያ ቼንጂንግ ፌስስ የተባለ የበጎ አድራጎት ድርጅት ከ2011 ጀምሮ ሰዎችን ይህንን አሸፋፈን ሲያስተምር ቆይቷል፤ ከዚያ በፊት ሥራው የብሪታንያ ቀይ መስቀል ነበር። ማለትም ዓለም መሸፈንን የሕመምተኛ ድጋፍ አድርጎ ያየዋል።

ግን ከመሸፈንሽ በፊት ሐኪም ይየው። ነጣ ያለ ምልክት ሁሉ ለምጽ አይደለም። ነጣ ያለ ሆኖ ሲነካ የማይሰማሽ፣ ሙቀትና ቅዝቃዜ የማትለዪበት ቦታ ካለ የሥጋ ደዌ ምልክት ሊሆን ይችላል። የሥጋ ደዌ ይድናል፤ መድኃኒቱም በነፃ ይሰጣል። ያልተመረመረ ምልክት ላይ ኮንሲለር መለጠፍ ሕመሙን መደበቅ ነው። አዲስ አበባ አለርት፣ ደሴ አጠገብ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በቆዳ ሕክምና የታወቁ ናቸው።

አሁን ወደ ቀለም ምርጫ ልምጣ። የሶማሊያ ተወላጇ ኢማን በ1970ዎቹ አሜሪካ ገብታ ሞዴል ስትሆን በመጀመሪያ ሥራዎቿ የሜካፕ ባለሙያው የራሷን ፋውንዴሽን ይዛ እንደመጣች ጠየቃት። አልያዘችም ነበር። ያለውን ሲቀባት ፊቷ ግራጫ ሆነ። ከዚያ በኋላ ራሷ እየቀላቀለች ይዛ መሄድ ጀመረች፤ በ1994 ደግሞ ቀለም ላላቸው ሴቶች የራሷን የመዋቢያ ድርጅት ከፈተች። የጎረቤታችን ልጅ ያስተማረችን ይህ ነው፦ ግራጫ የሆነው ፊቷ ጥፋት ስለነበረበት አይደለም፤ ዕቃው ለእሷ ስላልተሠራ ነው። ዛሬ አንዳንድ ድርጅቶች ኮንሲለርን በ40 እና በ50 ቀለም ይሠራሉ። እኛ ሰፈር ያለው ሱቅ ግን ብዙ ጊዜ ሦስትና አራት የነጡ ቀለሞችን ብቻ ይደረድርና «ይሄ ያምርብሻል፣ ያፈካሻል» ይላል። አትቀበዪው። ከእጅሽ ጀርባ ላይ ሳይሆን መንጋጋሽ ላይ ሞክሪው፤ በሱቁ አምፖል ሳይሆን በር ላይ ወጥተሽ በቀን ብርሃን እዪው። አንገትሽና ፊትሽ ከተለያዩ ቀለሙ ያንቺ አይደለም። ልክሽን ካጣሽ አንድ ጠቆር ያለና አንድ ቀላ ያለ ገዝተሽ ቀላቅዪ።

ስለ ውዱእ ሳልናገር ባልፍ ግማሹን ትቻለሁ ማለት ነው። ውኃ ወደ ቆዳ እንዳይደርስ የሚከለክል ሽፋን ካለ ውዱእ እንደማይሟላ ዑለማዎች ያስተምራሉ። ሒና ቀለም ብቻ ስለሆነ አይከለክልም፤ ሰምና ሲሊከን ያለበት ኮንሲለር፣ በተለይ ውኃ የሚቋቋመው ግን ሽፋን ነው። «ውኃ ያሳልፋል» የሚል ማስታወቂያ ብቻ አይበቃሽም። መላው ቀላል ነው። ውዱእ አድርገሽ ተቀቢ፤ ውዱእሽ እስካለ ድረስ ስገጂበት። ሲፈታ አውርጂው። በውኃ ብቻ እያሸሽ ቆዳሽን አታቁስዪ፤ መጀመሪያ በዘይት ወይም በማጽጃ አሟሚው፣ ቀጥሎ ለስላሳ ሳሙና፣ ቀጥሎ ውኃ። ትንሽ ብልቃጥና ጥጥ ቦርሳሽ ውስጥ ይኑር። ሰርግ ላይ ሜካፑ እንዳይበላሽ ብላ ዙህርንና ዐስርን ያሳለፈች ሙሽራ ምን እንዳተረፈች ራስሽ መዝኚው። ነጥብ ነጥብ አድርገሽ በስሱ ከተቀባሽ ማውረዱም መልሶ መቀባቱም አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ለምጽ ኖሮሽ ቀኑን ሙሉ ወፍራም ሽፋን የምትጠቀሚ ከሆነ ሁኔታሽን ለዓሊም ዘርዝረሽ ጠይቂ።

አሁን ወደ ብልቃጡ። በየሱቁና በየቻናሉ የሚሸጡ የሚያቀሉ ክሬሞች ውስጥ በተደጋጋሚ የሚገኙት ሦስት ነገሮች ናቸው።

አንደኛው እንደ ክሎቤታሶልና ቤታሜታሶን ያለ ስቴሮይድ ነው። ክሎቤታሶል በቆዳ ከሚቀቡ ስቴሮይዶች እጅግ ከበረቱት ወገን ነው፤ ሐኪም ለአጭር ጊዜ፣ ለተወሰነ ቦታ የሚያዘው መድኃኒት ነው። ፊት ላይ ለወራት ሲቀባ መጀመሪያ ያፈካል። ቀጥሎ ቆዳው ይሳሳል፣ ደም ሥሩ ይታያል፣ ብጉር ይወርዳል፣ ፀጉር ይበቅላል። ስታቆሚው ፊትሽ ይቀላል፣ ይቃጠላል፤ ስለዚህ ትመለሺበታለሽ። ሻጩ ደንበኛ ያገኘው እንደዚህ ነው።

ሁለተኛው ሃይድሮኩዊኖን ነው። በሐኪም ክትትል የሚሰጥበት ጊዜ አለ። ያለ ክትትል ለረጅም ጊዜ ሲቀባ ግን ቆዳን ሰማያዊ ጥቁር የሚያደርግ፣ ለመዳን አስቸጋሪ የሆነ ጉዳት ያመጣል። ጥቁረትን የሸሸች ሴት የባሰ ጥቁረት ይገጥማታል። ደቡብ አፍሪካ ይህንን ጉዳት በሰፊው ካየች በኋላ በ1990 ባወጣችው ደንብ ከመዋቢያ ውስጥ አስወጥታዋለች።

ሦስተኛው ሜርኩሪ ነው። ኩላሊትንና ነርቭን ይጎዳል፤ ነፍሰ ጡር ከተቀባችው ወደ ፅንሱ ያልፋል፤ ቤት ውስጥ የምትነካቸው ልጆችም ሊደርሳቸው ይችላል። በሚናማታ ስምምነት መሠረት ከሚሊዮን 1 እጅ በላይ ሜርኩሪ ያለባቸው የሚያነጡ ክሬሞች ከ2020 በኋላ እንዳይመረቱና እንዳይነገዱ አገሮች ተስማምተዋል። ብልቃጡ ላይ ግን ሜርኩሪ ተብሎ አይጻፍልሽም።

በአገራችን በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት መዋቢያዎችን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። ስለዚህ ይዘቱ ያልተጻፈበት፣ አምራቹ የማይታወቅ፣ እጅ በእጅ ተቀላቅሎ በባዶ ዕቃ የሚሸጥ ክሬም ስታዪ ዝም አትበዪ፤ ጠቁሚ። እየተጠቀምሽ ያለሽ ከሆነም አትሸማቀቂ። ብልቃጡን ይዘሽ የቆዳ ሐኪም ጋ ሂጂ። ስቴሮይድ ያለበትን ለረጅም ጊዜ ተቀብተሽ ከነበረ እንዴት እንደምታቆሚው ሐኪሙ ይንገርሽ።

ወንድሞቼ፣ እስከዚህ ካነበባችሁ ቀጣዩ ለእናንተ ነው። ይህ ገበያ የቆመው በእህቶቻችን ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ በእናንተም ምላስ ነው። ሽማግሌ ከመላካችሁ በፊት የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ «ቀይ ናት?» ከሆነ፣ ያቺ ልጅ ኩላሊቷን የምትጎዳበትን ክሬም እንድትገዛ ገፍታችኋታል። እናቶችና አክስቶችም «ልጄ ጠቆርሽ፣ ምን ሆንሽ?» ከማለት ተቆጠቡ። ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) በልጅነታቸው የተንከባከቧቸው፣ እሳቸውም እንደ እናት ያከበሯቸው ኡሙ አይመን ሐበሻ ነበሩ። ያ ቀለም የእኛ ቀለም ነው። በመስጂድ ይህንን እየሰማን በሰርግ ቤት ተቃራኒውን የምንናገር ከሆነ ችግሩ የዕውቀት አይደለም።

ለእህቶቼም የመጨረሻ አደራ አለኝ። ለመንገድ፣ ለሥራ ወይም ለሴቶች ዝግጅት መሸፈንና ለሚያጭሽ ሰው መደበቅ አንድ አይደለም። ለምጽ ወይም የማይጠፋ ምልክት ካለሽ ከኒካሕ በፊት ይወቀው። አውቆ የሚመጣው ሰው ይሻልሻል። የሚሄድም ከሆነ በጊዜ መሄዱ ኸይር ነው። ኮንሲለር ከሰው ዓይን የሚያሳርፍሽ ትንሽ መጋረጃ እንጂ ትዳር የሚቆምበት መሠረት አይደለም።

በሚቀጥለው ጊዜ ሱቅ ስትገቢ ሦስት ነገር ይዘሽ ግቢ፦ ምልክትሽ ምን እንደሆነ፣ የቆዳሽን ትክክለኛ ቀለም፣ እና «ያቀላሻል» ለሚል ሻጭ «እኔ መሸፈን እንጂ መላጥ አልመጣሁም» የሚል መልስ። ይህንን ጽሑፍ ብልቃጥ ይዛ ለምታውቂያት እህትሽ አድርሺ። አላህ የሁላችንንም ውስጥና ውጭ ያሳምርልን።

ወላሁ አዕለም።